ወደ ቁንዝላ የሄደው የምርቃት ፎቶ

ፎቶግራፍ ልማር ነው ብዬ ለአባቴ የነገርኩት ቀን፣ ሬዲዮኑን ዘጋና "ለዚህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግልሃል? ካሜራ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ሐይቁ ዳር መቆም አይበቃህም ወይ?" አለኝ። ዕድሜውን ፋብሪካ ውስጥ የጨረሰ ሰው ነው። ከዓባይ ማዶ ቤታችን ተነስቶ በየቀኑ ድልድዩን ሲሻገር የኖረው እኔ መሐንዲስ እንድሆንለት ነበር፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። እናቴ በበኩሏ ለጎረቤት "የኮምፒዩተር ነገር ነው የሚማረው" እያለች እስክመረቅ ድረስ ሸፈነችልኝ። እኔም አላረምኳትም።

ትምህርት ክፍላችን ከግቢው ሁሉ ትንሹ ነበር። የሥዕል ተማሪዎች እንኳን ይንቁናል፤ "የእናንተ ሥራ ጣት ብቻ ነው የሚጠይቀው" ይሉናል። አውደ ርዕይ ሲደርስ ግን ሥዕላቸውን በዚያችው ጣት እንድናነሳላቸው ሲለማመጡን አያፍሩም። በዚህ በጣም እናደድ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ የማልናደድበት ነገር አልነበረም። ኢንተርኔት ሲጠፋ እናደዳለሁ፤ መብራት ሲሄድ እናደዳለሁ፤ መንገድ ላይ ካሜራ ባወጣሁ ቁጥር "ለማን ነው የምታነሳው?" የሚለኝ ሰው ያበግነኛል። ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ የሚጠረጠርበት ጊዜ ነበር። ሴቶቹ እኛን ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ፤ ወንዶቹ ዞር ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ዞር እል ነበር።

መምህራችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ኋላ የተቀመጠ ተማሪ ጆሮውን ካላቆመ አይሰማውም። ደጋግሞ የሚላት ነገር ነበረችው። "ሠዓሊ ያላየውን መሳል ይችላል። እናንተ ግን ፊታችሁ ያልቆመን ነገር ማንሳት አትችሉም። ስለዚህ ፎቷችሁን ያየ ሰው ይህ ነገር በእርግጥ ሆኗል ብሎ ያምናችኋል። ሰው ሲያምናችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ።" እኛ ወጣቶች ነበርንና ከዚህ ውስጥ የያዝነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ከሠዓሊዎቹ እንደምንበልጥ።

ቅዳሜና እሁድ ሌላ ትምህርት ቤት ነበረኝ። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው፤ ፀጉራቸው ሁሉ የነጣ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ደንበኛ የሞተ አባቱን ጉርድ ፎቶ፣ ያውም ከመታወቂያ የተላጠ፣ ማኅተሙ ግንባሩ ላይ ያረፈ ፎቶ ይዞ ይመጣል። ጋሼ ያሳድጉታል፣ ማኅተሙን ያጠፉታል፣ ከዚያ ኮትና ከረባት ያለብሱታል። በሕይወቱ ሱፍ ለብሶ የማያውቅ ገበሬ ሱፉን ግጥም አድርጎ ከማሽኑ ይወጣል። ዓረብ አገር ያለች እህትን ወንድሟ ሠርግ መሃል ያቆሟታል። ፊቱ ከአንዱ፣ ገላው ከሌላው። እኛ ተማሪዎቹ ይህን ሥራ "ቅጠላ" ብለን ስም አውጥተንለት እንስቅበት ነበር። ጋሼ ሳቄን ሲያዩ "አንተ፣ ሰው እዚህ የሚመጣው የሆነውን ሊያይ አይደለም፤ የሆነውንማ ቤቱ አለለት" ይሉኛል።

አብሮኝ የሚስቀው የክፍሌ ልጅ ነበር፤ ጓደኛዬ። ከቁንዝላ፣ ከሐይቁ ማዶ የመጣ ነው። ሁለታችንም ውሃ ዳር ተወልደናል፤ ልዩነቱ እሱ ዋናተኛ መሆኑ፣ እኔ ከጉልበቴ በላይ የማልገባ መሆኔ ነው። "ታና ዳር ተወልዶ ውሃ የሚፈራ ሰው፣ የቄስ ልጅ ሆኖ አቡነ ዘበሰማያት የጠፋበት ማለት ነው" እያለ ያበሽቀኛል። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቀልድ ዘግይቶ የሚገባው ልጅ ነበር። ሁላችንም ስቀን ከጨረስን በኋላ እሱ ብቻውን ይጀምራል፤ ያኔ በእሱ እንደገና እንስቃለን። ዶርም ይኑር እንጂ እሁድ የሚበላው እኛ ቤት ነው። እናቴ ከእኔ ይልቅ ለእሱ ታበዛለታለች፤ "ይህ እንኳን ሲበላ ያምርበታል" ትላለች።

አባቱ የእንጨት ጀልባ ይሠራሉ። የልጃቸውን ምርጫ እንደ እኔ አባት አጉረምርመው አላለፉትም። ወይ መምህር፣ ወይ ጤና ባለሙያ፣ ካልሆነም ወደ መጋዝና መዶሻው ይመለስ ነበር ያሉት። ፎቶግራፍ ሲላቸው አኮረፉ። እሱም አኮረፈ፤ ግትርነቱን ከሳቸው ነው የወረሰው። በዓል ሲመጣ ለእናቱ ይደውላል፤ አባትዬው አጠገብ ተቀምጠውም ስልኩን አይቀበሉም፤ ቁንዝላም ከሄደ ቆይቶ ነበር። "ስመረቅ ፎቶዬን እልክለታለሁ፤ ግድግዳው ላይ ሲያየኝ ይታረቀኛል" ይለኝ ነበር።

የመመረቂያ ሥራው ከዘጌ እንጨት ጭነው ባሕር ዳር በሚያራግፉ የደንገል ታንኳዎች ላይ ነበር። ዳር ቆሞ ማንሳት አልበቃውም፤ ከቀዛፊዎቹ ጋር ተለማመደና አብሯቸው ይሳፈር ጀመር። ፎቶዎቹ ድንቅ ነበሩ፤ ቀንቼበታለሁ። ከፋሲካ በፊት፣ ጾሙ ሊገባደድ ሲል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። የሆነውን የነገሩን አብረውት የነበሩት ቀዛፊ ናቸው፤ የገጠር ሰው።

"ማዕበሉን ከነእንጨቱ አነሳለሁ ብሎ ብድግ አለ። 'ተቀመጥ፣ ኧረ ተቀመጥ ልጄ!' አልሁት። 'አንዲት ብቻ' አለኝ። አንዲት ብቻ።"

የካሜራውን ቦርሳ ደረቱ ላይ አጣምሮ አንግቶት ነበር። ታንኳዋ ስታጋድል የእንጨቱ ክምር እንዳለ እሱ ላይ ወረደ። ቀዛፊው ደንገሉን ሙጭጭ አድርገው ይዘው ተረፉ። እሱ አንዴ ብቅ አለ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ውሃ የወሰደውን ሰንብቶ ይመልሳል ይባላል። ሁሉም ሰው ይህን እያለ ነበር የሚጠብቀው። የሐይቁ ዳር እስላም ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይዘው ወጡ፤ ገበያቸውን ትተው ዳርቻውን ከደንገል ደንገል ፈተሹት። አባቱ ራሳቸው በሠሩት ጀልባ ከቁንዝላ መጡ። ቀኑን ሙሉ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ቆመው ውሃውን ሲመለከቱ ይውላሉ፤ ሲመሽ ወርደው ዳር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ዳር ላይ ቆሜ ነበር። ዋና የማይችል ሰው ሌላ ምን ያደርጋል። በኋላ መረቦቹ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ጀልባዋም ወደ ቁንዝላ። ታና ጓደኛዬን አልመለሰም።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቱ ልጄ አልሞተም አሉ።

ይህን የምሰማው ከታላቅ እህቱ ነበር። ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ ቤቱ ጎራ ትልና ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቃ ታወራኛለች። እናቲቱ የሚሉት ይህን ነው፦ "ልጄ በእግሩ ሳይሄድ ነው የዋኘ። ታና ልጄን አይበላም። አባቱን አኩርፎ አንዱ ደሴት ላይ ገብቶ ነው፤ ይመጣል። ለሕያው ልጄ የሚያለቅስ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ!"

እናት እንዲህ ካለች ማን ደፍሮ ያለቅሳል? ሰው ሲሞት አገር ተሰብስቦ ያለቅስለታል፣ ካህናት ይፈቱታል፣ ሰልስቱም አርባውም ይወጣለታል። ለእሱ አንዱም አልሆነም። የነፍስ አባታቸው ተመላልሰው "አስከሬን ባይገኝም ፍታቱ ይደረግለታል፤ የልጅዎን ነፍስ አያንገላቷት" ብለው ለመኗቸው። "ያላየሁትን ሬሳ ምኑን ነው የምትፈቱት?" ብለው መለሷቸው። አባትየው ብቻቸውን ማስደረግ ይችሉ ነበር፤ ግን ሚስታቸው ወዲህ ምሳውን አቅርባ እየጠበቀች እሳቸው ወዲያ ሊያስፈቱት አልሆነላቸውም። አርባው እንደ ማንኛውም ቀን አለፈ። እህቱ እንደነገረችኝ አባቷ የተሰበሩት ያን ቀን ነው። ልጃቸው ሳይታረቃቸው መሄዱ ሳያንስ፣ ሳይፈታ ቀረ። መጋዛቸውን ሰቅለው ከምሰሶው ሥር ተቀመጡ፤ ተሠርቶ ያላለቀ ጀልባ ደጃቸው ላይ ዝናብ ይመታው ጀመር።

እኛም ጋ ኑሮ ቀጠለ፤ መቼም አይቆም። የመመረቂያ አውደ ርዕያችን ደረሰ። ለእሱ ሥራ ተይዞለት በነበረው ግድግዳ ላይ የክፍሉ ልጆች ባዶ ፍሬም ሰቀሉ። እንግዳ ሁሉ ፊቱ እየቆመ አንገቱን ይነቀንቃል፣ "ጥልቅ ነው" ይላል። እኔ ደሜ ፈላ። ልጁ ያነሳቸው ስንት ፎቶዎች ኮምፒዩተር ውስጥ እያሉ ባዶ እንጨት ምን ይሉታል? ወጥቼ ሄጄ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። መምህሩ ተከትሎኝ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ፤ ትንሽ ቆይቶ ገባና ፍሬሙን ራሱ አወረደው። የታንኳዎቹን ፎቶ አትመን ሰቀልን።

የምርቃቱ ቀን ግቢው በጋዋንና በአበባ ተሞላ። አባቴ አዲስ ኮት ለብሶ መጣ፤ ከእኔ ጋር ለመነሳት ከወንድሞቼ ጋር ሲጋፋ ሳየው ደስ አለኝ፤ ቀልዴን አይደለም። ከሰዉ መሃል የጓደኛዬን እህት አየኋት። በሩ አጠገብ ብቻዋን ቆማለች፤ አበባ ይዛለች። ለማን እንደገዛችው እሷም ያወቀች አትመስልም። ስደርስ አበባውን ለእኔ ሰጠችኝ።

"ጋዋኑን ሳትመልስ አንድ ነገር ላስቸግርህ" አለችኝ። "ወንድሜን አልብስልኝ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። እሷም ቶሎ ቶሎ ተናገረች፤ የተዘጋጀችበት ነገር ነበር። ቁንዝላ ውስጥ ልጁ የተመረቀ ቤት ሁሉ ግድግዳው ላይ ያ ፎቶ አለ፤ ጋዋን፣ ቆብ፣ የተጠቀለለ ወረቀት። እናቷ በሰው ቤት ያን ፎቶ እያዩ ነው የኖሩት። "እማዬ እንዲህ ለብሶ ብታየው ሆዷ ይባባል። ታለቅሳለች። አንዴ ካለቀሰች ደግሞ እንባው ራሱ ይነግራታል። እኛማ ነግረን ነግረን አቃተን።"

"ቅጠላ ሥራልኝ ነው የምትይኝ?" ልላት ነበር፤ አላልኳትም። ነገሩ ትክክል መሰለኝ። ከተማ ውስጥ የሟች ፎቶ አሳድጎ ለቅሶ ቤት ማስቀመጥ ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ፎቶው የተሠራ እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም። እኔም እሷም የከተማ ሰው ሆነን ነበርና ከዚህ አልፈን አላሰብንም።

በዚያው ጋዋን ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድን። ጋሼ ታሪኩን ያውቃሉ፤ መብራቱን ተከሉ። የጓደኛዬ ፊት ካለፈው ዓመት ትምህርት ነው የመጣው፤ ከግራ በኩል መብራት ጥለን አንዳችን አንዳችንን ስናነሳ ያነሳሁት። ቀልድ ነግሬው ነበር፤ እንደ ልማዱ አልገባውም፤ ሊገባው ሲል ያለችውን ፊት ነው የያዝኩት። አሁን እኔ ያው መብራት ሥር፣ ያው አቅጣጫ ዞሬ መቆም ነበረብኝ።

"ትከሻህን ንፋው፣ እሱ ትከሻ ነበረው" አሉኝ ጋሼ። "አገጭህን ቀና... ተወው፣ አገጭህ አያስፈልግም።" ሳቅን። እህቱም ሳቀች።

ሥራውን ራሴ ሠራሁት። ጋሼ ልርዳህ ቢሉኝ እንቢ አልኩ። ቆብና ጋዋን ብዙ ይሸፍናል፤ አንገት ግን አይሸፍንም። የእሱ አንገት ወፍራም፣ የእኔ የዶሮ ነው። ባሰፋው ኮሌታው ይለጠጣል፣ ባጠበው ፊቱ ከገላው ይርቃል። እኔ ቀላ እላለሁ፣ እሱ ጠይም ነው፤ እጆቼን አጠየምኳቸው። የገዛ ቆዳዬ ቀስ በቀስ ወደ እሱ ሲለወጥ ማየት ምን እንደሚመስል ለሰው ማስረዳት አልችልም። ሲያልቅ ግን አለቀ። ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ቀርበው አዩትና "ይህ ልጅ ተመርቋል" አሉ። ለባለሙያ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ኩራት ተሰማኝ፤ ይህንንም ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሳድገን አተምነው፤ ባለ መስታወት ፍሬም ገባ። ከእህቱ ጋር በጋቢ ጠቅልለን ይዘነው ወጣን። ክረምቱ ገብቷል፤ የቁንዝላ መንገድ እንኳን በክረምት በበጋም ሆድ ዕቃ ያናውጣል። ፎቶውን ጭኔ ላይ አድርጌ መኪናው በዘለለ ቁጥር አቅፌው እዘላለሁ። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር፤ ወረድን። አንድ ወጣት ወታደር ጋቢውን አስፈታኝና ፎቶውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ።

"ወንድምህ ነው?"

"አዎ" አልኩት። ምን ልበለው።

"ቁርጥ አንተን!" አለ፤ ጋቢውን ራሱ አለባብሶ መለሰልኝና "እንኳን ደስ ያላችሁ" አለን። እህቱ አመሰገነችው። መኪናው ሲነሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እናቱን ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። የሐዘን ልብስ አልለበሱም፤ ፀጉራቸው ተሠርቷል፤ ነጠላቸው የታጠበ ነው። ፊታቸው ላይ ያየሁት የጓደኛዬን ዓይን ነው ማለት ይቻላል፤ ያው ሰፊ ዓይን፣ ያው ነገር እስኪገባው የሚጠብቅ። "የልጄ ጓደኛ፣ እንኳን ደህና መጣህ ልጄ" ብለው አገላብጠው ሳሙኝ። አባትየው ከምሰሶው ሥር ነበሩ፤ ሊነሱልኝ ሲሉ ስለ እግዜር ብዬ አስቀመጥኳቸው። ምግብ ቀረበ። ከበላን በኋላ እህቱ ጋቢውን ፈታችው።

እናቱ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ቤቱ ጨለም ይላልና ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ጀርባቸውን ነው የማየው፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እህቱ ክንዴን ጨበጠችኝ፤ አለቀሱ ብለን ነው። እሳቸው ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው እልል አሉ።

እንደዚያ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። መንገዱ ድረስ ተሰማ። ጎረቤት ሴቶች እጃቸውን እየጠረጉ ሮጠው መጡ።

"አላልኋችሁም? አላልኋችሁም ወይ?" ፎቶውን ለየአንዳንዳቸው ያሳያሉ። "ሞተ ትሉኝ አልነበር? ይኸው ልጄ! ይኸው ተመርቆ! ቆብ ደፍቶ!"

ከሴቶቹ አንዷ እልልታውን ልትቀበል ጀመረችና አፏ ላይ ቀረ። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ቀጥሎ ሁሉም እኔን አዩኝ። ያኔ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። በዚያ አገር ጋዋን የለበሰ ልጅ ፎቶ በእርግጥ የሆነ ነገር ፎቶ ነው። ቆሞ ያልተነሳ ሰው፣ ያውም በዚያ ልብስ፣ ከየት ይመጣል?

እናቱ ወደ እኔ ዞሩ። "መቼ ነው?"

"ምኑ፣ እማማ?"

"ምርቃቱ ነዋ።"

"ቅዳሜ" አልኩ።

"ቅዳሜ! ሳምንት እንኳ አልሞላው!" ፊታቸው በርቷል፤ እንደ ሙሽራ እናት ነበር የሚመስሉት። ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አባትየው እንዳይሰሙ። "ታዲያ አብረኸው ከነበርህ ምነው ይዘኸው ሳትመጣ? አባቱን ፈርቶ ነው አይደል? እኔ አስታርቃቸው የለም ወይ? ንገረኝ፣ አልቆጣህም፤ የት ነው ያለ?"

እህቱ "እማዬ..." አለች።

ውሸቱ ምላሴ ላይ ነበር። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ ማለት ነው፤ አለቀ። ማንም አያጋልጠኝም፤ ቤቱ ሙሉ ሰው አብሮኝ ይዋሽ ነበር። እሳቸው ይመርቁኛል፣ እኔ ወደ ባሕር ዳር እመለሳለሁ። ስልክ እስኪደውል ይጠብቃሉ። ሲያረጁም ይጠብቃሉ። ከምሰሶው ሥር ያሉትን ሰውዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እማማ፣ የእሱ ፊቱ ብቻ ነው" አልኩ።

"እንዴት?"

"እጁን ይዩት።" ቀኝ እጄን መስታወቱ ላይ፣ የፎቶው እጅ አጠገብ አደረግኩት። ትንሿ ጣቴ ልጅ ሆኜ ኳስ ስጫወት ተሰብራ ጠማማ ናት፤ ቀለሙን ስለውጥ እሷን ማቅናት ረስቼ ነበር። "ይህ የእኔ እጅ ነው። ጋዋኑን የለበስሁት እኔ ነኝ። ፊቱ ዓምና ያነሳሁት ነው፤ ከእኔ ላይ የቀጠልሁት ነው። እህቱና እኔ ነን፤ እርስዎ እንዲህ ለብሶ ሊያዩት ይመኙ ነበር ብለን።"

እናቱ እጄን ያዙት። አገላብጠው አዩት፤ ጠማማዋን ጣት በጣታቸው ዳሰሷት፤ መስታወቱ ላይ ያለችውንም ዳሰሷት። ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ እንደሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው።

"እና አንተ ይህን ለብሰህ ስትቆም፣ ልጄ የት ነበር?"

"ውሃ ውስጥ" አልኳቸው። "ታና ውስጥ ነው ያለው፣ እማማ።"

እጄን ቀስ አድርገው መለሱልኝ። ፎቶውን መደቡ ላይ አስቀመጡት። ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱና መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ስሙን ጠሩት፤ አንዴ፣ እንደሚጠሩት ሁሉ፣ ራት ደርሷል ና እንደማለት። ምላሹን የጠበቁ ይመስል ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ጮኹ።

ሴቶቹ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ይዘውት የቆዩትን ለቅሶ ይዘው ገቡ። ቤቱ አልበቃም፤ ግቢው ሞላ። ያላለቀው ጀልባ ላይ ሳይቀር ሰው ተቀመጠ። አባትየው ተነስተው ጋቢያቸውን አዘቀዘቁ፤ ዱላቸውን ይዘው፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ካህናቱን ሊጠሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ማንንም አላስከተሉም።

እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። እናቱ ፎቶውን አስመጥተው ታቅፈውታል። ጋዋኑን፣ እጆቹን፣ የተጠቀለለውን ወረቀት፣ ከአንገት በታች ያለውን ሁሉ በነጠላቸው ጠቅልለው ሸፍነውታል፤ የሚታየው የልጃቸው ፊት ብቻ ነው። እያለቀሱ ዓይናቸው በሰዉ መሃል እኔ ላይ አረፈ። የሚረግሙኝ መስሎኝ ራሴን አዘጋጀሁ። እሳቸው አጠገባቸው ያለችውን ሴት ገፋ አድርገው ቦታ አስለቀቁልኝ።

"ና እንጂ አንተም" አሉኝ። "ምን ቆመሃል? ጓደኛህ አይደለም ወይ? ሞቷል እኮ፣ ልጄ። ሞቷል።"